አሮጌው ሃርድ ዲስክ በአዲሱ የጌም ኮምፒውተር ውስጥ፦ ከፍተሻ እስከ ጌም ማከማቻ

አዲስ የጌም ኮምፒውተር ገጣጥማችኋል። ወይም ዕቃው ተሟልቶ ልትገጣጥሙ ነው። ፕሮሰሰሩ አዲስ፣ ግራፊክስ ካርዱ አዲስ፣ ራሙም አዲስ። ከጎን ግን ከድሮው ኮምፒውተር የሚወጣ ባለ 1 ወይም ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለ። ፎቶው፣ ፊልሙ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ፋይል ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ይጣል ወይስ ይሰካ?

ጤነኛ ከሆነ ይሰካ። ዊንዶውስ ግን አይነሳበት። የአሮጌ ሃርድ ዲስክ ቦታ ማከማቻ ነው። ሲስተሙና ዘወትር የምትጫወቷቸው ከባድ ጌሞች ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ላይ ይሁኑ። ይህ ከመጀመሪያው ካልተቆረጠ ጣጣው ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ በተሳሳተው ዲስክ ይነሳል። ሁለት ዊንዶውስ ይደባለቅባችኋል። ከወራት በኋላ አሮጌውን ስትነቅሉት ደግሞ አዲሱም አልነሳም ይላል። ከታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት ይህን ለማስቀረት ነው፤ ቅደም ተከተላቸውን አታፋልሱ።

ለምን ማከማቻ ብቻ?

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የሚያነበው ጭንቅላት መጀመሪያ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ ከዚያ የሚፈልገው መረጃ ዞሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሁለቱ ሲደመሩ ለአንድ ትንሽ ፋይል ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ከዚህም ከዚያም ይለቅማል። መንቀርፈፉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህ ሁሉ መጠበቅ የለበትም።

ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያነባል። እንደ ሃርድ ዲስክ በኬብል የሚሰካው ሳታ ኤስኤስዲ 550 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል። የአራተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ፈጣኑ ኤስኤስዲ፣ ደግሞ እስከ 7000 ሜጋባይት ይሄዳል። ፊልም ለማየት የሃርድ ዲስኩ ፍጥነት ከበቂ በላይ ነው። ለአዳዲስ ጌሞች ግን አይሆንም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጡት ስታርፊልድና ባልደርስ ጌት 3 ዝቅተኛው መስፈርታቸው ላይ ሳይቀር ኤስኤስዲ ግድ ነው ብለው ጽፈዋል። የቆዩ ጌሞች፣ ትንንሽ ኢንዲ ጌሞችና ባለ ሁለት አውታር ጌሞች ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ችግር ይሄዳሉ፤ ሲከፈቱ ትንሽ ያስጠብቃሉ እንጂ።

1. ከመንቀላችሁ በፊት ጤናውን እዩ

ድሮው ኮምፒውተር አሁንም የሚነሳ ከሆነ ይህን ሥራ እዚያው ጨርሱት። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አውርዳችሁ ክፈቱት። ሃርድ ዲስኮች ስለራሳቸው የሚይዙትን መዝገብ፣ ስማርት የሚባለውን፣ አውጥቶ ያሳያችኋል። ላይኛው ምልክት ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ፣ ቢጫ ከሆነ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ከሆነ አደጋ ነው።

በቀለሙ ብቻ አትርኩ። ከስር ካለው ዝርዝር አራት መስመር ፈልጉ። 05 የሚለው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ሲ5 የሚለው ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ጥርጣሬ ውስጥ ያስገባቸውን ቦታዎች ያሳያል። ሲ6 የሚለው ጭራሽ ሊታረሙ ያልቻሉትን ነው። ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይላል። ሲ7 ደግሞ የዲስኩ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የኬብሉ ችግር ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ጻፉት፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ቁጥሮቹ ሲከፈቱ በሄክሳዴሲማል ስለሚጻፉ ፊደል ተቀላቅሎባቸው ብታዩ አትደንግጡ። ከምናሌው ፋንክሽን፣ ከዚያ አድቫንስድ ፊቸር፣ ከዚያ ሮው ቫልዩስ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ተራ ቁጥር መቀየር ትችላላችሁ።

05 ላይ ጥቂት ቁጥር ኖሮ ለወራት ካልጨመረ ዲስኩ ገና ሊያገለግል ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ዲስክ ቢጠፋ ለማያስቆጭ ነገር ብቻ ነው የምጠቀምበት፤ እንደገና ለሚወርድ ጌም፣ ለፊልም። ሲ5 ወይም ሲ6 ላይ ቁጥር ካለና እየጨመረ ከሆነ አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አታስገቡት። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚደጋግም ዲስክ ደግሞ ምርመራም አያስፈልገው። በሠራ ቁጥር የባሰ ሊጎዳ ስለሚችል አጥፉት። ውስጡ ያለው ፋይል የግድ ከሆነ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጡት።

የሠራበት ሰዓትም እዚያው ተጽፏል። ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሚሠራ ዲስክ 8760 ሰዓት ይቆጥራል። ትልቅ ቁጥር ብቻውን ዲስኩን አያስጥልም፤ ዕድሜውን ግን ይነግራችኋል።

2. ፋይሉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ

ዲስኩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ባክአፕ ሳትይዙ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አትሂዱ። ውጫዊ ዲስክ ላይም ይሁን ክላውድ ላይ፣ ብቻ ሁለተኛ ቅጂ ይኑር። ከዚህ በኋላ ፎርማት የሚሉ፣ አጥፋ የሚሉ ቁልፎች አጠገብ ነው የምንዞረው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሰው ፎቶና ሰነዱን አይረሳም። የሚረሳው የጌም ሴቭ፣ ጌሙ ውስጥ የደረሳችሁበት የተመዘገበበት ፋይል፣ ነው። አንዳንድ ጌሞች ሴቫቸውን ዶክዩመንትስ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሌሎች ሴቭድ ጌምስ በሚል ፎልደር፣ ብዙዎች ደግሞ አፕዳታ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡታል። ስለዚህ አንድ በአንድ ከመልቀም የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አድርጋችሁ ዩዘርስ ውስጥ ያለውን በስማችሁ የተጠራ ፎልደር በሙሉ ኮፒ አድርጉት። ሁሉም ጌም ክላውድ ሴቭ አለው ብላችሁ አትተማመኑ።

ሁለት ነገር ደግሞ እዚሁ ይለቅ። አንደኛ፣ ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ላፕቶፖች እናንተ ሳታውቁት ይህን ቁልፍ አብርተውት ሊሆን ይችላል። የተቆለፈ ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ድሮው ኮምፒውተር ላይ እያላችሁ ቢትሎከርን አጥፍታችሁ ዲስኩ ተፈትቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን የመጨረሻ ጊዜ ስታጠፉ የሺፍት ቁልፍን ይዛችሁ ሸት ዳውን በሉት። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር በርቶ ከሆነ በተለመደው መንገድ ያጠፋችሁት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ከፊሉ እንደተኛ ነው። በዚያ ሁኔታ የተነቀለ ዲስክ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ የፋይል ስህተት ሊያመጣ ይችላል።

3. አዲሱ ማዘርቦርድ ይቀበለው እንደሆነ እዩ

ከኋላው ኤል ቅርፅ ያላቸው ሁለት ቀጫጭን መሰኪያዎች ካሉት ሳታ ነው፤ አዲሱም ማዘርቦርድ ይቀበለዋል። የሳታ ትውልዶች ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚግባቡ የሁለተኛው ትውልድ ዲስክ በሦስተኛው ትውልድ መሰኪያ ላይ ይሠራል። ሰፊ ሆኖ 40 ፒን የተደረደረበት ከሆነ ግን አይዲኢ ነው። አዳዲስ ማዘርቦርዶች አይዲኢ የላቸውም። እንዲህ ያለውን በዩኤስቢ አስማሚ ሰክታችሁ ፋይሉን አውጡና አሰናብቱት።

አንድ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ኤም.2 የሚባለው፣ ቀጭን ኤስኤስዲ በቀጥታ የሚሰካበት ቦታ ሲያዝ አንድ ወይም ሁለት የሳታ መሰኪያዎች ይዘጋሉ፤ መስመሩን የሚጋሩት ስለሆነ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋራ የማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ሃርድ ዲስኩን ከመስካታችሁ በፊት ያንን ገጽ አንብቡ።

4. ዊንዶውስን አሮጌው ዲስክ ሳይሰካ ጫኑ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። አዲሱን ዊንዶውስ ስትጭኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከአዲሱ ኤስኤስዲ በስተቀር ሌላ ዲስክ አይኑር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ለመነሳት የሚጠቀምበት ትንሽ የማስነሻ ክፍል አለ። ጫኚው ሌላ ዲስክ ላይ ቀድሞ የተሠራ እንዲህ ያለ ክፍል ካገኘ ማስነሻ ፋይሉን እዚያ ሊያስቀምጠው ይችላል። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲው ላይ ተጭኖ ማስነሻው ግን አሮጌው ዲስክ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ለጊዜው ሁሉም ሰላም ይመስላል። አሮጌውን ዲስክ የነቀላችሁ ወይም ፎርማት ያደረጋችሁ ቀን ግን ኮምፒውተሩ አይነሳም። ይህን ለመጠገን ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ኬብል መንቀል ሊቀር የሚችል ራስ ምታት ነው።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ሰክቶ በድሮው ዊንዶውስ መነሳት ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ ይነሳል። ግን የተሞላው በድሮው ማዘርቦርድና ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ነው። ፈቃዱም ከድሮው ማሽን ጋር የታሰረ ሊሆን ይችላል። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውሱ በድሮው የባዮስ ስልት የተጫነ ከሆነ አዲሱን ስልት፣ ዩኢኤፍአይን፣ ብቻ በሚያውቅ ማዘርቦርድ ላይ ጭራሽ አይነሳም። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። አዲስ ማሽን በአዲስ ዊንዶውስ ይጀመር።

5. ኬብሉና ኬዙ

ዊንዶውሱ ተጭኖ፣ ድራይቨሩ ገብቶ፣ ሁሉም መሥራቱን ካያችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፉ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ኬዙን ክፈቱና በሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወርድ የኬዙን ባዶ ብረት ንኩ።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ኬብሉ ከፓወር ሰፕላዩም የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ከእሱ ጋር የመጣውን ኬብል ብቻ ተጠቀሙ። የድሮው ፓወር ሰፕላይ ኬብል ልክክ ብሎ ቢገባም አትስኩት። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን ስታንዳርድ የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች ሽቦውን በራሱ አደራደር ነው የሚያወጣው። 5 ቮልት መግባት ባለበት መስመር 12 ቮልት ከገባ ዲስኩ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ለዓመታት የቆየ ፋይል በአንድ ተመሳሳይ መልክ ባለው ኬብል የሚጠፋው እንዲህ ነው። የአንድ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ።

ከሞሌክስ፣ ከድሮው ባለ አራት ፒን የፓወር መሰኪያ፣ ወደ ሳታ የሚቀይሩ ርካሽ አስማሚዎችንም ተጠንቀቁ። በተለይ ፕላስቲኩ ሽቦው ላይ ቀልጦ የተጋገረባቸው ሾርት አድርገው የሚቃጠሉበት ጊዜ አለ። የሳታ ፓወር መሰኪያ ካልበቃችሁ ከፓወር ሰፕላዩ አምራች ተጨማሪ ኬብል መግዛት ይሻላል።

ዲስኩን ማሰር ቀላል ነው። ትልቁ፣ ባለ 3.5 ኢንቹ፣ በራሱ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል፤ የላፕቶፑ ባለ 2.5 ኢንች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ቦታ አለው። የሁለቱ ብሎን አንድ አይደለም፤ የትልቁ ወፈር ይላል። አልገባ ያለውን በካቻቢቴ በግድ አታስገቡ። ማስቀመጫው ላይ የጎማ ቀለበት ካለ አትጣሉት፤ ንዝረቱን የሚቀንሰው እሱ ነው። በጠፍጣፋ ወይም በጎኑ ቢቆም ግድ የለውም፤ ብቻ ሳይታሰር ተንጠልጥሎ አይቅር። ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው።

የዳታ ኬብሉን ከማዘርቦርዱ ጋር፣ የፓወር ኬብሉን ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አገናኙና ክደኑት።

6. ባዮስ ውስጥ አንድ ደቂቃ

ኮምፒውተሩን አስነሱና ዲሊት ወይም ኤፍ2 ቁልፍ እየመታችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ። ዲስኩ በስሙ መታየት አለበት። የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ መጀመሪያ የአዲሱ ኤስኤስዲ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር መኖሩን አረጋግጡ። አሮጌው ዲስክ ላይ ድሮው ዊንዶውስ ገና ስላለ ማሽኑ በእሱ ሊነሳ ሊሞክር ይችላል። ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

7. ዊንዶውስ ውስጥ

ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ፤ የስታርት ምልክትን በቀኝ ክሊክ ስትነኩ ታገኙታላችሁ። ዲስኩ እንደ D ያለ መጠሪያ ፊደል ከሌለው በቀኝ ክሊክ ፊደል ስጡት።

ማስጠንቀቂያ። ዲስኩ ላይ ፋይል መኖሩን እያወቃችሁ ዊንዶውስ ኢኒሺያላይዝ ላድርገው ወይም ፎርማት ላድርገው ብሎ ከጠየቃችሁ እሺ አትበሉ። ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ምናልባት በሊኑክስ ወይም በማክ ፎርማት የተደረገ ይሆናል። ምናልባትም የክፍፍል ሰንጠረዡ ተጎድቷል። ካንስል ብላችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

የድሮው ዩዘር ፎልደር ሲከፈት ፈቃድ የላችሁም ይላል። ኮንቲኒዩ በሉት፤ አድሚን ከሆናችሁ ብዙውን ጊዜ ያስገባችኋል። ፎልደሩ ትልቅ ከሆነ ፈቃዱን እስኪቀይር ትንሽ ይቆያል።

8. ዲስኩን ማጽዳት

ድሮውን ዊንዶውስ፣ «ዊንዶውስ» እና «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚሉትን ፎልደሮች እየሰረዛችሁ ለማጥፋት አትድከሙ። በፈቃድ ጥያቄ ያሰለቻችኋል፤ ትንንሾቹ ሲስተም ክፍሎችም ሳይጠፉ ይቀራሉ። ባክአፑን ይዛችኋል፤ ስለዚህ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጽድታችሁ ፋይሉን መመለሱ ይቀላል።

ዲስክ ማኔጅመንት ማስነሻና ሪከቨሪ ክፍሎችን አላጠፋም ስለሚል ዲስክፓርትን፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራውን የዊንዶውስ መሣሪያ፣ መጠቀም ይኖርባችኋል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ክፈቱና ዲስክፓርት ብላችሁ ጻፉ። ቀጥሎ ሊስት ዲስክ። የሚመጣውን ዝርዝር በመጠኑ ለዩ። ባለ 1 ቴራባይቱ ዲስክ 931 ጊጋባይት ተብሎ ይጻፋል፤ የጎደለ ነገር የለም፣ አምራቹና ዊንዶውስ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ከዚያ ሴሌክት ዲስክ ብላችሁ ቁጥሩን ጨምሩ። እዚህ ላይ ደግማችሁ እዩት፤ የተሳሳተ ቁጥር አዲሱን ኤስኤስዲ ያጠፋዋል። ኤስኤስዲውና ሃርድ ዲስኩ እኩል መጠን ካላቸው ዲቴይል ዲስክ ብላችሁ ስሙን አረጋግጡ። እርግጠኛ ስትሆኑ ክሊን በሉት። ትእዛዞቹ ሁሉ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ወደ ዲስክ ማኔጅመንት ተመለሱ። አሁን ዲስኩ ባዶ ስለሆነ ኢኒሺያላይዝ ሲላችሁ እሺ በሉ፤ ከክፍፍል ሰንጠረዥ ዓይነቶቹ ጂፒቲን ምረጡ። የድሮው ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን አይጠቀምበትም። አዲስ ቮልዩም ፍጠሩ፣ የፋይል ሥርዓቱን ኤንቲኤፍኤስ አድርጉ፣ ስም ስጡት። ኩዊክ ፎርማት የሚለውን ምልክት አንሱት። ሙሉ ፎርማቱ ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን የዲስኩን እያንዳንዱን ቦታ ስለሚነካ ደካማ ጎን ካለው ፋይል ሳትጭኑበት ይወጣል። ሲያልቅ ክሪስታልዲስክኢንፎን እንደገና አይታችሁ 05ና ሲ5ን ከበፊቱ ጋር አስተያዩ። ለአሮጌ ዲስክ ይህ ጥሩ ፈተና ነው።

9. ጌሞቹን ማስቀመጥ

ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም ስቲም ከሆነ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ገብታችሁ ዲስኩን እንደ ሁለተኛ ላይብረሪ ጨምሩት። ድሮ የወረዱ ጌሞች ባክአፕ ውስጥ ካሉ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። የጌሙን ፎልደር አዲሱ ላይብረሪ ውስጥ ስቲምአፕስ፣ ከዚያ ኮመን በሚለው ስር ገልብጡት። ቀጥሎ ስቲም ላይ ኢንስቶል ብላችሁ ያንን ላይብረሪ ምረጡ። ስቲም ያሉትን ፋይሎች ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። በሌላው የጌም መደብር፣ በኤፒክ፣ ደግሞ ጌሙን መጫን ትጀምሩና ጥቂት ሲወርድ ታቆሙታላችሁ። ድሮውን ፎልደር በላዩ ገልብጣችሁ ሪዝዩም ትሉታላችሁ። ሌሎች ተራ ፕሮግራሞችን ግን በኮፒ ለማምጣት አትሞክሩ፤ አብዛኞቹ እንደ አዲስ ካልተጫኑ አይሠሩም።

የሚመቸው አሠራር እንዲህ ነው፦ አሁን የያዛችሁት ጌም ኤስኤስዲው ላይ ይሁን፣ የተዋችሁት ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይረፍ። ስቲም ላይ በቀኝ ክሊክ ሙቭ ማድረግ ከ100 ጊጋባይት በላይ እንደገና ከማውረድ ይሻላል፤ በተለይ ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ከሆነ።

ቪዲዮ፣ የጌም ቀረጻ፣ ፎቶም ወደዚያው ይሂድ። ቪዲዮስና ፒክቸርስ የሚሉትን ፎልደሮች በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሎኬሽን ብላችሁ ወደ አዲሱ ፊደል ማዛወር ይቻላል። ዶክዩመንትስን ግን እኔ ኤስኤስዲው ላይ እተወዋለሁ፤ የጌም ሴቭና ሴቲንግ እዚያ ስለሚጻፍ።

10. ሲሠራ የሚገጥሙ ነገሮች

አንድ ፎልደር ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ሰከንድ ደርቆ ከቆየ ዲስኩ ተኝቶ እየነቃ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚጠፋበትን ደቂቃ 0 ብታደርጉት አይተኛም። ጌም የምትጫወቱበት ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ፊልምና ፎቶ ብቻ ከሆነ ይተኛ፤ ድምፁም ይቀንሳል።

ዲስኩ ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ቅድም የጻፋችሁትን የሲ7 ቁጥር አሁን ካለው ጋር አስተያዩ። ጨምሮ ከሆነ የዳታ ኬብሉን ቀይሩና መሰኪያውንም ለውጡ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ ግን ችግሩ ተፈቷል። ባዮስ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ ከኤም.2 ጋር የሚጋራ መሰኪያ ላይ ሰክታችሁት ይሆናል። ሲነኩት የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የፓወር ኬብሉ በደንብ አልገባ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንዴ ክሪስታልዲስክኢንፎን ክፈቱ። 05 አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ተጠቀሙበት። ሲ5 ከዜሮ ተነስቶ መውጣት ከጀመረ ግን በዚያው ቀን የሚያስፈልገውን ፋይል ገልብጡና ዲስኩን ንቀሉት።